የካርቶን ፉከራ

ፉከራ ድሮ ጎፈር ደፍቶ፣ ጋሻና ጦር ይዞ ነበር የሚደረገው። ዛሬ ካርቶን ላይ ታትሞ ይመጣል። መርካቶ ገብታችሁ ከመኪና ቴፕ መሸጫዎቹ በአንዱ መደርደሪያውን ቀና ብላችሁ ብታዩ፣ በሁለት መዳፍ የሚያዝ አምፕሊፋየር «3000 ዋት!» እያለ ይሸልላል። ጎረቤቱ መበለጥ አይወድምና «5000 ዋት!» ይላል። የድሮው ፎካሪ ቢያንስ የዘመተበትን አገር ይጠራ ነበር፤ ቢያጋንን «እረ ተው!» የሚለው የጦር ጓደኛም አጠገቡ ይቆም ነበር። ካርቶን ግን ምስክር አይጠራም።

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ መኪናውን ገዛ። ከእሱ በዕድሜ የምትበልጥ ኮሮላ ናት። የፊት ጎማዎቿ ጥርሳቸው አልቋል፤ የሹፌሩ መስኮት በእጅ ካልታገዘ አይወጣም፤ የነዳጅ መለኪያዋ ደስ ባላት ቀን ብቻ ነው እውነት የምትናገረው። ልጁ ታዲያ ከደመወዙ ቆጥቦ መጀመሪያ የገዛላት አምፕሊፋየርና ዉፈር ነው። «ጎማውስ?» ብለው «ይደርሳል» አለኝ። በዚህ አገር ጎማ ሁልጊዜ ይደርሳል።

«ጋሼ፣ ሦስት ሺህ ዋት ነው እኮ!»

«ካርቶኑን ተወውና የዕቃውን ጎን አሳየኝ» አልኩት።

ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን ኤሌክትሪክ ሳስተምር ስለኖርኩ፣ ከዘመድ አዝማድ ሶኬት ያጨሰበት ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው። ስለዚህ የት ማየት እንዳለብኝ አውቃለሁ። አምፑ ጎን ላይ፣ ሽቦዎቹ ከሚገቡበት አጠገብ፣ ሁለት አረንጓዴ ፊውዞች ጎን ለጎን ተሰክተዋል። ጀርባቸው ላይ 30፣ 30 ይላል። ምስክሮቹ እነዚህ ናቸው። ካርቶኑን የጻፈው ሻጩ ነው፤ ፊውዙን የመረጠው ግን መሐንዲሱ ነው፤ መሐንዲስ ደግሞ ዕቃው ተቃጥሎ እንዲመለስበት አይፈልግም።

ሠላሳና ሠላሳ፣ ስልሳ አምፔር። ሞተር ተነስቶ ዲናሞው ሲሠራ የመኪና ኤሌክትሪክ 13.8 ቮልት ገደማ ነው። ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት ይሆናልና፣ 60 በ13.8 ሲባዛ 828። አምፑ ፊውዙን ሳያቃጥል ረጋ ብሎ ከባትሪ ሊጠጣ የሚችለው ይኸው ነው። የጠጣው ሁሉ ደግሞ ድምፅ ሆኖ አይወጣም። ክላስ ዲ የሚባለው ከመቶ ሰማንያ ያህሉን ለስፒከር ያደርሳል፤ የቆየው ክላስ ኤቢ ግማሽ ገደማውን ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል። የልጁ ክላስ ዲ ስለሆነ 660 ዋት ፈረድንለት። ኤቢ ቢሆን ኖሮ አራት መቶ ላይ እንቀር ነበር።

ልጁ ፊቱ ጠቆረ። «የቀረው ሁለት ሺህ ምናምን ዋት የት ሄደ?»

«መጀመሪያውኑ አልመጣም።»

ካርቶኑን እያገላበጠ ከበታች ጥጉ ላይ በደቃቅ ፊደል «አር ኤም ኤስ 600» የሚል ጽሑፍ አገኘ። አምፑ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል የሚጻፈው በዚህ ስም ነው። ፉከራው ከፊት ለፊት፣ ኑዛዜው ከጀርባ። ላጽናናው ብዬም አይደለም፣ እውነቱን ነው የነገርኩት፦ ስድስት መቶ እውነተኛ ዋት ዝግ መኪና ውስጥ ጆሮ ያማል፣ የታርጋ ብሎን ያላላል፣ ጎረቤትም ያጣላል። ሦስቱ ሺህ እውነት ቢሆንማ ኮሮላዋ ሳትፈርስ አትቀርም ነበር።

ወደ ኤሌትሪሻኑ ሄድን። ሰፈሩ ውስጥ ስመ ጥር ነው፤ ሚኒባስ ታክሲዎች ቴፕ የሚያስገጥሙት እሱ ዘንድ ነው። አምፑን አገላብጦ አየና ከግድግዳው ላይ አንድ ጥቅል ሽቦ አወረደ። ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ነው።

«ይቺ ምጣድ ትሸከማለች ፋዘር። ምጣድ የቻለች ቴፕ ያቅታታል?»

ጥያቄው ሞኝ አይምሰላችሁ። እንጀራ የሚጋግረው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ የእኛ አምፕ ከዚያ ሩቡን እንኳ አይወስድም። ዋት ለዋት ካየነው ኤሌትሪሻኑ ትክክል ነው። ግን ሽቦ ዋት አያውቅም፤ ሽቦ የሚያውቀው በውስጡ የሚያልፈውን አምፔር ነው። ምጣዱ በቤታችን 220 ቮልት 16 አምፔር ቢጠጣ ነው። ያንኑ ምጣድ በ12 ቮልት ባትሪ እንጋግርበት ብንል ግን ወደ 290 አምፔር ይፈልጋል፤ ሽቦው አውራ ጣት ማከል አለበት። ቮልቱ ባነሰ ቁጥር አምፔሩ ይበዛል። መኪና ላይ ሁሉ ነገር ወፍራም የሚሆነው ለዚህ ነው። የድሮዎቹ ቮልሶች ደግሞ ባለ 6 ቮልት ነበሩ። ያኔ ስድስት መቶ ዋት ዉፈር የሚመኝ ጎረምሳ አለመኖሩ ለቮልሶቹ እግዜር የዋለላቸው ውለታ ነው፤ ሽቦው ከዛሬው እጥፍ በላይ መወፈር ነበረበትና።

የእኛ 60 አምፔር እንግዲህ ከምጣዱ አራት እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው። ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በአምፔሩ ልክ አይጨምርም፤ አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። አምፔር አራት እጥፍ ገደማ ሲሆን ሙቀቱ አሥራ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ ለኤሌትሪሻኑ በወረቀት ሠርቼ አሳየሁት። ባትሪው ከፊት ነው፣ አምፑ ከኋላ ኮፈን ውስጥ ነው፣ መንገዱ አምስት ሜትር ያህል ነው። ባለ 2.5ቷ ሽቦ ላይ 60 አምፔር ቢሄድ 2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ 126 ዋት ደግሞ ምንጣፍ ስር ሙቀት ሆኖ ይቀመጣል። በላዩ ላይ ሰው ይቀመጣል።

ኤሌትሪሻኑ ወረቀቱን አላየውም። «ስንት ታክሲ በዚህ ገጥሜያለሁ ፋዘር!»

«የተቃጠለ የለም?»

«አንድ ሁለት አለ። እሱ ግን በሽቦው አይደለም። በኮንታክት ነው።»

ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። በከተማችን ቤት ቢቃጠል በኮንታክት ነው፣ ሱቅ ቢቃጠል በኮንታክት ነው፣ መኪና ቢቃጠል በኮንታክት ነው። ይህ ኮንታክት የሚባል ሰው እስካሁን አልተያዘም። ሽቦ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ፣ ልብሱ ቀልጦ፣ ራቁቱን ብረት ሲነካ የሚመጣ መሆኑን የሚያነሳ የለም።

ጌዮርግ ኦም የሚባል ጀርመናዊ መምህር ይህን የሽቦና የአምፔር ጉዳይ በ1827 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲያወጣው በአገሩም በደንብ የተቀበለው አልነበረም፤ በንዴት ሥራውን ለቅቋል ይባላል። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሳስበው በጣም አዘንኩለት።

ሽቦውን ራሳችን እንገዛለን ብለን ወጣን። ሱቁ ውስጥ የአምፕ ኬብል በሚሊ ሜትር አይጠራም፣ በጌጅ ነው። ባለ 8፣ ባለ 4፣ ባለ 0። ልጁ ዋጋ ጠይቆ እየሮጠ መጣ፦ «ጋሼ! ስምንቱ ከአራቱ ይረክሳል! ሳይነቁበት እንግዛው!» አሜሪካኖቹ ሽቦን የሚቆጥሩት በግልባጭ ነው። ሽቦ የሚሠራው መዳቡን ቀዳዳው እየጠበበ በሚሄድ ማውጫ ደጋግሞ በመሳብ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተሳበ ይቀጥናል፣ ቁጥሩም ይበዛል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፤ ከሦስቱ ወፍራሙ ዜሮው ነው። ባለ 8 ጌጅ ስፋቱ 8.4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ባለ 4 ደግሞ 21፣ ባለ 0 ከ53 ይበልጣል። ልጁ ይህን ሲሰማ ገዢን ለማታለል ሆን ተብሎ የተፈጠረ ነገር መሰለው። እኔም ሙሉ በሙሉ አልተቃወምኩትም።

ለ60 አምፔርና ለአምስት ሜትር ባለ 8ቱ 0.6 ቮልት ያህል ይበላል። ብዙ ገጣሚዎች ከግማሽ ቮልት በላይ መንገድ ላይ እንዲቀር አይፈልጉም፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ባለ 4ቱ የሚበላው ሩብ ቮልት ብቻ ነው። ባለ 4 ይሁን ተባለ።

ይሁን እንጂ ባለ 4 የተባለው ሁሉ ባለ 4 አይደለም። አንዱ ላዩ ላይ የጎማ ካፖርት ደርቦ ውስጡ የቀጠነ ነው፤ ጫፉን ካላያችሁት ልብሱን ነው የምትገዙት። ሌላው ከዚህ ይረቃል። ላዩ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም ነው። ያበራል፣ ይቀላል፣ ያምራል፤ አምፔር ማሳለፍ ላይ ግን ከመዳብ ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም። እውነቱን ለመናገር አሉሚኒየም መሆኑ ወንጀል አይደለም። አንድ ሁለት ደረጃ አወፍሮ የገዛ ሰው ምንም አይሆንም፣ ይህም ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ከሆነ ግብይቱ ንጹሕ ነው። የሚያናድደው መዳብ ነኝ ብሎ በመዳብ ዋጋ ሲሸጥ ነው።

መዳብን ከአሉሚኒየም የመለየት ጥበብ ከማንም መሐንዲስ ይልቅ ቆራሌው ዘንድ ነው ያለው። ቆራሌ በኪሎ ስለሚገዛ አይሳሳትም። ሽቦውን አንስቶ በእጁ ይመዝናል፤ ከመዳብ ግማሽ ክብደት የሌለውን ወዲያው ይጥለዋል። ከተጠራጠረ በቢላ ጫፍ ይፍቀዋል፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ የአሉሚኒየም ዋጋ ይነግራችኋል፣ ክርክር አይቀበልም። እኔም እዚያው ሱቅ ውስጥ ካቻቪቴ አውጥቼ የኬብሉን ጫፍ ስፍቅ ባለ ሱቁ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። የመጀመሪያው ነጭ ሆነ። የሁለተኛውም ነጭ ሆነ። ከዚያ ባለ ሱቁ ራሱ ከጓዳ፣ አቧራ የጠጣ ጥቅል አወጣ። «ይኼ ግን ዋጋው ሌላ ነው» አለ። እሱ ነበር መዳቡ። ይዘነው ወደ ኤሌትሪሻኑ ተመለስን።

አሁን ወደ ፊውዙ። ስለ ፊውዝ ብዙ ሰው የሚያስበው ዕቃውን እንዲጠብቅ ነው። አምፑ የራሱ ሁለት ጠባቂዎች አሉት፣ አይተናቸዋል። ባትሪው አጠገብ የሚገባው ትልቁ ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ በሽቦው በኩል ደግሞ እኛን። አስቡት፦ ከባትሪ ተነስቶ፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየውን ቆርቆሮ ቀዶ፣ ምንጣፍ ስር ተሹለክልኮ ኮፈን የሚደርስ ኬብል፣ በመንገዱ አንድ ቦታ ልብሱ ተልጦ ቦዲውን ቢነካ፣ ባትሪው ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያፈስበታል። መቶዎች አምፔር ነው። አምፑ ላይ ያሉት ፊውዞች ምንም አያውቁም፤ ችግሩ እነሱ ጋ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ትልቁ ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ45 ሳንቲ ሜትር በማይርቅ ቦታ ይቀመጣል። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለችው ቁራጭ ጠባቂ የላትምና ባጠረች ቁጥር ይሻላል። ኤሌትሪሻኑ ግን የፊውዙን ቤት ለዓይን እንዲያምር ኮፈን ውስጥ አምፑ አጠገብ ሊተክለው ነበር። ያምራል፤ ሌባ ከገባ በኋላ የሚቆለፍ በር ነው።

«ሞተሪኖውስ?» አለኝ፣ በመጨረሻ ያገኘኝ መስሎት። «ሞተሪኖ ከዚህ አምፕ በላይ ይጠጣል። ፊውዝ አለው?»

ይህን ጥያቄ ወደድኩለት። እውነት ነው፣ የአብዛኛው መኪና ሞተሪኖ ኬብል ፊውዝ የለውም። ግን አጭር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ፋብሪካው በቦታው አስሮ አስቀምጦታል፣ ከወንበር ስር አይሄድም፣ የሚሠራውም ለጥቂት ሰከንድ ነው። የእኛ ኬብል ግን እንግዳ ነው፤ ቤቱን ሁሉ አቋርጦ የሚሄድ እንግዳ ፈታሽ ያስፈልገዋል። ኤሌትሪሻኑ ራሱን ነቀነቀ፤ መስማማቱ ይሁን ማዘኑ አልለየሁትም።

የፊውዙ መጠንስ? ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚታየው፤ አምፑ ከሚጠጣው እንዳያንስ፣ ሽቦው ከሚችለው እንዳይበልጥ። የአምፑ ድምር 60 ነው፤ ባለ 4 ጌጅ መዳብ ደግሞ ከመቶ አምፔር በላይ ይችላል። 80 አስገባን። ልጁ «150 ይሁን፣ እንዳይቃጠል» አለ። ፊውዝ እንዳይቃጠል መመኘት እንግዲህ ብሔራዊ አመላችን ነው። ፊውዝ ሥራው መቃጠል ነው፤ በመኪናው ውስጥ «አልችልም» ብሎ በጊዜ የሚናገር ብቸኛው ዕቃ እሱ ነው። እኛ ግን «አልችልም» ያለውን አውጥተን «ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን እንተካለን፤ ፊውዝ ላይ ብቻም አይደለም ይህን የምናደርገው። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችው የብር ወረቀት በዚህች ከተማ ስንት ፊውዝ ተክታ እንደሠራች የሚያውቅ አምላክ ብቻ ነው። የታክሲ ረዳት ፊውዝ ሲቃጠልበት ወረቀቷን ጠቅልሎ ይሰካና «በቃ ሠራ!» ይላል። በእርግጥም ይሠራል። ከዚያ ወዲያ የሚቃጠለው ፊውዝ አይሆንም።

ስለ ቀለም ካነሳን፣ ተራዎቹ ባለ ሁለት እግር ፊውዞች ቀለማቸው በዓለም ዙሪያ አንድ ነው፦ አረንጓዴ 30፣ ቢጫ 20፣ ቀይ 10። ሰንደቅ ዓላማችንን ከላይ ወደ ታች ያነበበ ሰው አይረሳውም። 15ቱ ደግሞ ሰማያዊ ነው፤ እሱንም መሐሉ ላይ ታገኙታላችሁ። ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው የረሳ አላየሁም። የኦምን ሕግ ግን ሁሉም ረስተውታል።

ኔጌቲቩን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ሰውም የሚያልፈው በአጭሩ ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። የሄደው አምፔር ሁሉ በቦዲው በኩል ተመልሶ ባትሪ ይገባል። ስለዚህ የኔጌቲቩ ሽቦ ከፖዘቲቩ እኩል ይወፍራል፣ ግማሽ ሜትርም አይሞላም፣ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ይጸዳል፣ በካፒኮርዳና በብሎን ይጠብቃል። ኤሌትሪሻኑ ቀለም ላይ ሊያስረው ሲል «ቀለሙን አታበላሽባት!» ብሎ የደገፈው ልጁ ራሱ ነበር። የድምፁን ገመድ ደግሞ ከወፍራሙ ኬብል ጎን አስኬደልንና ሞተሩ ሲጎላ ስፒከሩ አብሮ ማፏጨት ጀመረ። በማዶው በር በኩል ሲዞር ፉጨቱ ሄደ።

የተገጠመ ማታ ልጁ መኪናዋን በር ላይ አቁሞ ለቀቀው። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ አልክድም። ድምፃዊው አብሮን የተቀመጠ ይመስል ነበር፤ ቤዙ በመጣ ቁጥር ግን የፊት መብራቱ ዓይኑን ይጨፍናል። የዚህ ዓይነቷ አሮጌ የቤት መኪና ዲናሞ ከ70 ወይም 80 አምፔር ብዙም አያልፍም፤ ከዚያ ላይ መብራቱ፣ መጥረጊያው፣ ሞተሩ ራሱ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ልጁ ሱቅ ውስጥ ያየውን፣ ቁጥር የሚያበራ ትልቅ ካፓሲተር ሊገዛ ፈለገ። ካፓሲተር ለቅጽበት ያበድራል እንጂ አያመነጭም፤ ያበደረውን ደግሞ መልሶ ከዚያው ከደከመው ዲናሞ ነው የሚወስደው። ቤዙን ትንሽ ዝቅ አድርግ አልኩት። እንደ ስድብ ነው የወሰደው።

ከሰነበተ በኋላ ልጁ ተናዶ መጣ። «ያ ያስገባኸው ፊውዝ የማይረባ ነው። ተቃጠለ። ተካሁት፣ አሁንም ተቃጠለ።» በኪሱ 150 ይዟል፤ ኤሌትሪሻኑ ነው የሰጠው። ሦስታችንም ጋራዡ ደጃፍ ላይ ተሰበሰብን፣ ምንጣፉም ተገለጠ። ኬብሉ በሹፌሩ ወንበር ሐዲድ ስር ነበር ያለፈው፤ ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ በተገፋ ቁጥር ሐዲዱ እየከረከረው መዳቡ ወጥቶ ብረቱን ነክቷል። ቦታው ላይ ምንጣፉ የብር ሳንቲም ያህል ጠቁሯል፤ ከዚያ ግን አላለፈም።

ልጁ 150ውን ከኪሱ አወጣና ምንም ሳይናገር ለኤሌትሪሻኑ መለሰለት። ኤሌትሪሻኑም ምንም አላለም፤ ኬብሉን ከሐዲዱ አውጥቶ በበሩ ጠርዝ አሳለፈው፣ የተላጠውን ቆርጦ ጥሎ ጫፎቹን በአዲስ መጋጠሚያ አገናኘ፣ 80ውንም በገዛ እጁ ከባትሪው አጠገብ ሰካው። ሥራውን ሲጨርስ የተቆረጠውን ቁራጭ ከመሬት አነሳ፣ በእጁ መዘነ፣ በካቻቪቴ ጫፍ ፋቀው።

«መዳብ ናት ፋዘር» አለኝ፣ ኪሱ እየከተታት። «ይቺ ለእኔ ትቅር።»